የጠቈረ የወጥ ቤት ቁም ሣጥንን ስለ ማንጣት

ከዋንዛ፥ ከዝግባ ወይም ከጥድ ተሠርቶ ጥቁር ቡና ዓይነት ቀለም የተቀባ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን በአገራችን አሮጌ ቤቶች ውስጥ ይገኛል። ባለቤቱ ወጥ ቤቱ ጨለመብኝ ብሎ ነጣ ያለ መልክ ሊሰጠው ሲያስብ ብዙውን ጊዜ ሁለት አሳብ ይመጣለታል፤ አንዱ ዕቃውን ጥሎ አዲስ ማሠራት ነው፤ ሁለተኛው ነጣ ያለ የእንጨት ቀለም ገዝቶ በላዩ መቀባት ነው። የመጀመሪያው ውድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከቶ አይሠራም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ምን እንደማይሠራና ትክክለኛው መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

እንጨቱ ለድካሙ የተገባ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፥ ዋንዛ፥ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር፤ ይህም የሆነው ዛፎቹ እየተመናመኑ በመሄዳቸው ነው። እንግዲህ ከእነዚህ የተሠራ አሮጌ ቁም ሣጥን በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም።

ሀ. ጥቍረቱ ከየት እንደሚመጣ

ቁም ሣጥኑን ከላይ ወደ ውስጥ ብንመረምረው አራት ድርብ እናገኛለን። የመጀመሪያው የወጥ ቤት ቅባትና ጢስ ነው። ሁለተኛው ቫርኒሹ ነው፤ በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ዕድሜው በገፋ መጠን እየቢጫ ይሄዳል። ሦስተኛው አናጢው ሆን ብሎ ያገባው ቀለም ነው። አራተኛው የእንጨቱ የራሱ መልክ ነው፤ ዝግባ በተፈጥሮው ፈዛዛ ቢጫ ነው፥ ጥድ ቀላ ይላል፥ ዋንዛም ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ነው።

ሦስተኛው ድርብ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ፒግመንት የሚባለው በፈሳሽ የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ሲሆን በእንጨቱ ቀዳዳዎችና ጭረቶች ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው በፈሳሽ የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ይህ የእንጨቱን ቃጫ ራሱን ይነክረዋል። ልዩነቱ በኋላ እንደምናየው ለሥራው ወሳኝ ነው።

ለ. ነጣ ያለ ቀለም በጥቁር ላይ ስለ ምን አይታይም?

የእንጨት ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም፤ ብርሃንን ያሳልፋል እንጂ። ብርሃኑ በቀለሙ ውስጥ አልፎ እንጨቱን ነክቶ ወደ ዓይናችን ይመለሳል፤ በመንገዱም እያንዳንዱ ድርብ ከብርሃኑ ከፍሎ ያስቀራል። ስለዚህ ድርብ በተጨመረ ቍጥር የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል እንጂ አይበዛም። ጥቁር የተነከረ ጥጥ በቢጫ ማቅለሚያ ቢዘፈዘፍ ቢጫ እንደማይወጣው ሁሉ፥ የጠቈረም እንጨት ነጣ ባለ የእንጨት ቀለም አይነጣም። የሚቀረው መንገድ ወይ ያለውን ማንሣት፥ ወይም በሚሸፍን ቀለም ፈጽሞ መጋረድ ነው።

ሐ. የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ መዝጊያዎቹንና መሳቢያዎቹን ፈትቶ፥ ማጠፊያቸውንና እጀታቸውን አውልቆ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብ። ቅባቱ ሳይወጣ የብርጭቆ ወረቀት ቢታሸበት ቅባቱ ወደ እንጨቱ ይገባል።

2ኛ፤ ቫርኒሹን በማላቀቂያ ፈሳሽ አለስልሶ በመፋቂያ ማንሣት፤ ከደረቀም በኋላ በ120፥ ቀጥሎም በ180 ቍጥር የብርጭቆ ወረቀት በቃጫው አቅጣጫ ማሸት። ነገር ግን መዝጊያው ኮምፔንሳቶ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የላይኛው ልባጥ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ ጥቂት በበዛ እሸታ ይበሳል።

3ኛ፤ የቀረውን ጥቍረት በየዓይነቱ ማከም። በማቅለሚያ የተነከረ እንጨት ብዙውን ጊዜ በበረኪና ይለቃል። በምስማርና በማጠፊያ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ ብረት በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ የሠራው ነው፤ ከብረትና ከታኒን የሚዘጋጀው የጥንት የጽሕፈት ቀለምም የተሠራው በዚሁ ውሕደት ነው። ይህን የሚያስለቅቀው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። የእንጨቱን የራሱን መልክ ለማንጣት ደግሞ መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ፥ ቀጥሎ 30 በመቶ ገደማ የሆነ ኃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይቀባል፤ ለቍስል የሚሸጠው 3 በመቶው ለዚህ አይበቃም። ፒግመንት ግን ከእነዚህ ለአንዱም አይበገርም፤ በዋንዛ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ውስጥ የገባው በጥቃቅን ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

4ኛ፤ በውሃ ደጋግሞ ማጠብ፤ ከኮስቲክ ሶዳና ከፐሮክሳይድ በኋላም በቀጠነ ኮምጣጤ ማብረድ። ቢያንስ ሁለት ቀን ካደረቁ በኋላ የቆመውን ቃጫ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ማስተኛት።

5ኛ፤ ነጭ ቀለምን አቅጥኖ ቀብቶ ወዲያው በጨርቅ መጥረግ፥ ወይም እንጨቱን እንዳለ ትቶ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ መቀባት፤ ይህ እንደ ዘይቱ ቫርኒሽ ቢጫ አይሆንም። ፒግመንቱ እምቢ ያለ እንደ ሆነ በሼላክ አፍኖ በሚሸፍን ቀለም መቀባት ይሻላል።

መ. ስለ አደጋው

ይህ ሥራ በቤት የሚሠራ ቢሆንም የዋህ ሥራ አይደለም። በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ከተገናኘ የሚያፍን የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዕቃም ሆነ ሳይታጠብ በአንድ እንጨት ላይ ማዋል አይገባም። ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ነው። ዳይክሎሮሜቴን ያለበት ማላቀቂያ በተዘጋ ክፍል ሰው ገድሏል፤ በአሜሪካም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራ ገዢ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨትን ብናኝ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል። ከእንጨቱ ላይ የቈየ የዘይት ቀለም ካለ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፥ ሳይመረመር በደረቁ ማሸት በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ጨርቁ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። በየካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የግድግዳ እንጨት የሚያድሱ ሠራተኞች በ22ኛው ፎቅ የተዉት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ነድዶ፥ እሳቱ ከ18 ሰዓት በላይ ቈይቶ፥ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ስለዚህ ጨርቁን በውጭ አንድ በአንድ ዘርግቶ ማድረቅ፥ ወይም በውሃ በተመላ ክዳን ባለው ጣሳ ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፤ ጥቍረቱ በየትኛው ድርብ እንዳለ ሳያውቁ መድኃኒቱን አለመምረጥ። ይህንም ለማወቅ በአንድ መዝጊያ የውስጥ ገጽ ላይ ከቀላሉ ጀምሮ መፈተን ይበቃል፤ መጀመሪያ ሳሙና፥ ቀጥሎ የቫርኒሽ ማላቀቂያ፥ ከዚያም የብርጭቆ ወረቀት፥ በመጨረሻም ማንጫው ነው። ምናልባት በሳሙናው ብቻ የሚፈለገው መልክ ይገኝ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም።