የሰው ቤት ታሪክና የእኛ ጓዳ

ይህችን አጭር ጽሁፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ የወጣ ወረቀት ነው። የምኖረው በኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን ምስራቅ በምትገኘው ኒው አልባኒ ነው። ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ክፍሏ መሀል ከተማ ወርዶ አንድ አሮጌ ቤት ሊጎበኝ ነበርና፣ ወላጅ የሚፈርምበት የተለመደው ቅጽ ነው ብዬ ሳገላብጠው አራት ገጽ ሆኖ አገኘሁት። የፈቃድ ቅጹ አንዱ ገጽ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ የቃላት መፍቻ፣ ከኦሃዮ ወንዝ ተነስቶ ካናዳ የሚደርስ ካርታ፣ እንዲሁም ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት እንዲያስቡበት የተሰጠ አንድ ጥያቄ ናቸው። ጥያቄው "ሕጉ ክፉ ሥራ ሥራ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?" ይላል። የአስር ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ! እኔ በዚያ ዕድሜዬ የተጠየቅሁት የነገሥታትን የዘውድ በዓል ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ለነገሩ እሱንም አልመለስኩም።

አብሬ እንድሄድ ለመምህሯ ነገርኩና ሄድኩ። ቤቱ የኬልተን ቤት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1852 ፈርናንዶ ኬልተን የተባለ ነጋዴና ባለቤቱ ሶፊያ ያሠሩት የጡብ ቤት ነው። ቤቱ ከመሠራቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1850 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ከባርነት ያመለጠን ሰው የሸሸገ ሁሉ እስከ አንድ ሺህ ዶላር እንዲቀጣና እስከ ስድስት ወር እንዲታሰር ይደነግጋል። ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ያሉት ኬንታኪና ቨርጂኒያ የባርነት ግዛቶች ስለነበሩ፣ ወንዙን የተሻገረ ሰው ነጻ መሬት ረገጠ ቢባልም በሕጉ መሠረት ተይዞ ሊመለስ ይችል ነበር። የልጄ የቤት ሥራ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

ከቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትረካ መሠረት፣ በ1864 ሶፊያ ኬልተን ከቤቷ ፊት ለፊት ካለው ቁጥቋጦ ሥር ከቨርጂኒያ የሸሹ ማርታና ፐርል የሚባሉ ሁለት እህትማማቾች አገኘች። ፐርል መንገዷን ቀጠለች። ማርታ ግን ታማ ስለነበር እዚያው ቀርታ ከቤተሰቡ ጋር አስር ዓመት ያህል ኖረች፤ በ1874 ቶማስ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር የእንጨት ሠራተኛ ስታገባ ሠርጓ የተደገሰው በዚያው ቤት ሳሎን ነው። በዚያው በ1864 የኬልተኖች ልጅ ኦስካር በእርስ በርስ ጦርነቱ ሚሲሲፒ ውስጥ ሞቷል። አንድ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ የራሱን ልጅ ቀብሮ የሰው ልጅ አሳደገ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የነገሩን በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ አንዲት አዛውንት ናቸው። የገረመኝ የነገሩን ሳይሆን ያልነገሩን ነው። ልጆቹን ሳሎኑ ውስጥ አቁመው "ይህን ክፍል ማን ያጸዳው ነበር?" ብለው ጠየቁና ዝም አሉ። ልጆቹ ምድጃውን፣ አመዱን፣ የመብራቱን ጥላሸት ማየት ጀመሩ። ቀጥለው "ማርታ እዚህ ቤት እንግዳ ናት፣ ልጅ ናት ወይስ ሠራተኛ?" ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ተከራከሩ፤ እሳቸው ግን አልፈረዱም። በኋላ ጠጋ ብዬ መልሱን ስጠይቃቸው፣ የተደበቀ ነገር ወረቀት አይተውምና ከተተረከው በላይ ማለት እንደማይገባቸው፣ ልጆቹም በሰነድ የሚታወቀውንና በአፍ የተወራውን እንዲለዩ ማስተማር ራሱ የጉብኝቱ ግማሽ እንደሆነ ነገሩኝ።

እንግዲህ ለጎብኚና ለተማሪ የሚዘጋጅ መርጃ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እኔ የተረዳሁት ያኔ ነው። ብዙዎቻችን ሙዚየም ስንል የሚታየን ግድግዳ፣ መስተዋት የተገጠመለት ሳጥን፣ "አትንኩ" የሚል ማስታወቂያና እንቅልፍ የተጫነው ጥበቃ ነው። ቤቱ ግን በራሱ አፍ የለውም። አፍ የሚሆነው ከጉብኝቱ በፊት ለመምህሩ የሚላከው ጽሁፍ፣ ጠይቆ ዝም ማለት የሚያውቅ አስጎብኚ፣ ልጅ ሊነካው የተፈቀደ እቃ (ዋናው ተቆልፎ አምሳያው ለእጅ ይሰጣል)፣ ከጉብኝቱም በኋላ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። አብዛኛው ወጪው የወረቀትና የሰው ጊዜ ነው።

ቤቱ እንዴት እንደተረፈም ማወቅ ይጠቅማል። የመጨረሻዋ ነዋሪ የልጅ ልጃቸው ግሬስ በርድ ኬልተን ነበረች። በ1975 ስትሞት ቤቱ ተጠብቆ ለትምህርት እንዲውል ተናዘዘች፤ የኮሎምበስ ጁኒየር ሊግ የተባለው የሴቶች የበጎ ፈቃድ ማህበር ተረክቦ ሙዚየም አደረገው። ከኑዛዜውና ከማህበሩ አንዱ ቢጎድል ዛሬ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ይችል ነበር። እዚሁ በእኛ ሰፈር በኒው አልባኒም የአካባቢው የታሪክ ማህበር በ1860 የተሠራውን የኢሊ ቤት ይንከባከባል። ጎረቤታችን ዌስተርቪል ውስጥ ደግሞ "ዳርሊንግ ኔሊ ግሬይ" የተሰኘውን ፀረ ባርነት ዜማ የደረሰው የቤንጃሚን ሀንቢ ቤት አለ። አሜሪካኖቹ ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላውን ሁሉ "ጥንታዊ" ሲሉ የአክሱም ልጅ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር።

ፈገግታዬ ግን አልቆየም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ "አባዬ፣ እኛስ እንዲህ ያለ ቤት አለን?" አለችኝ።

አለን። ስድስት ኪሎ የሚገኘውን ገነተ ልዑልን ብቻ እንውሰድ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚያ ግቢ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ጣሊያኖች የተከሉት ጠመዝማዛ ደረጃ እያንዳንዱ እርከኑ አንድ የፋሺስት ዘመን ዓመት እንዲቆጥር የተሠራ ነው፤ ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቆሞበታል። ታህሳስ 1953 ዓ.ም. በነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ታላላቅ ሰዎች የተረሸኑት በዚያው ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ሙዚየሙን በውስጡ አደራጀ፣ የንጉሡ መኝታ ቤትም ይጎበኛል። ያ ደረጃ ብቻ ለአንድ ሳምንት ትምህርት ይበቃል። ልጆችን ቁጠሩ ብሎ "ማን ሠራው? አንበሳውን ማን ሰቀለው? ለምን አላፈረሱትም?" ማለት ነው።

ሐረርም አለ። የሬምቦ ቤት የሚባለውን ጎብኚ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ባለቅኔው በ1891 ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ስለሆነ ሬምቦ በዚያ ሕንጻ ውስጥ አልኖረም። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በአግባቡ ከተነገረ ጥሩ ትምህርት ነው። በአቅራቢያው ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለዓመታት በግላቸው ከሰበሰቡትና መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ካሳዩት ቅርስ የተነሳ ነው። ከአገር ውጭም ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ለባዝ ከተማ አረጋውያን የለገሱት የፌርፊልድ ቤት እንግሊዝ አገር ቆሟል።

ስለዚህ የጎደለን ቤት አይደለም። ይበልጥ የሚከብደው ሌላ ነው። እነዚያ አዛውንት "ይህን ክፍል ማን ያጸዳው ነበር?" ያሉትን ጥያቄ የእኛ ባላባቶች አዳራሽ ውስጥ ቆመን ብንጠይቀውስ? እህሉን ማን ፈጨ? ውሃውን ማን ቀዳ? አዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘው የሼህ ሆጀሌ ቤተ መንግሥት ለሰፈሩ ሸጎሌ የሚለውን ስም ያወረሰ ነው። የቤኒ ሻንጉሉ ገዥ ሀብትና ሥልጣን በወርቅና በባሪያ ላይ የቆመ እንደነበር የታሪክ ምሁራን ጽፈዋል፤ ይህም የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የአቢሲኒያ ታላላቅ ቤቶች ሁሉ ነውር ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ይህ የሩቅ ዘመን አይደለም። የእኛ ማርታዎች የልጅ ልጆች በመካከላችን አሉ። እኛ ግን ስለ አሜሪካ ባርነት ለልጆቻችን ስናስረዳ ድምጻችን ከፍ ይላል፤ ስለ ራሳችን ጓዳ ስንጠየቅ "እንደ ቤተሰብ ነበሩ" ብለን እናልፋለን። የኬልተን ቤት አስጎብኚ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ነው ለልጆቹ ጥያቄ አድርገው የሰጡት።

ለልጄ በመኪናው ውስጥ የነገርኳት ግን ይህን አልነበረም። የነገርኳት ዶሮ ማነቂያ ስለነበረው ስለ አያቴ የጭቃ ቤት ነው። ቤቱ ቅርስ ተብሎ የሚመዘገብ አልነበረም፤ ጣሪያው ያፈሳል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብሮ ሄደ። የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ሜዳ ነው። መንገዱ መስፋቱን፣ ሰው ከዚያ ጭቃ መውጣቱን የሚደግፉ ወዳጆች አሉኝ፤ ክርክራቸው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ማን የት ይኖር እንደነበር ሳይመዘገብ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ፣ የበሮቹ ፎቶግራፍ እንኳ በቅጡ ሳይነሳ የፈረሰ ሰፈር ሁለት ጊዜ ነው የሚፈርሰው።

ባለፈው ክረምት ከጥቂት ወላጆች ጋር ሆነን አንድ የልብስ ሻንጣ አዘጋጀን። እዚህ ያሉ ሙዚየሞች ለትምህርት ቤት የሚያውሱትን ሣጥን አይተን የቀዳነው ነው። በውስጡ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ የድሮ ብርና ሳንቲም፣ ከፒያሳ የተላከ ደብዳቤ ቅጂ፣ ሰፈሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ አንዲት እናት በቴፕ የተናገሩት፣ እንዲሁም በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ጥያቄ አለ። ጥያቄዎቹን ስንጽፍ "በእናንተ ቤት እንጀራ የሚጋግረው ማን ነበር? ደሞዝ ይከፈለው ነበር?" የሚለው ይግባ አይግባ ተብሎ ሁለት ቅዳሜ ተከራከርን፤ አንድ ወላጅም ተቆጥቶ ወጣ። ጥያቄው ገባ። ሻንጣው በተራ ከቤት ቤት ይዞራል፤ አሁን ያለው ያ ተቆጥቶ የወጣው ሰው ቤት ነው።