የሱቁ ስም የማን ነው?

እህቴ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ካቻምና በኢንተርኔትም መሸጥ ጀመረች። ድረ ገጹን የሠራላት ልጅ የሱቁን አድራሻ፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ ያስመዘገበው በራሱ ስምና ኢሜይል ኖሯል። ዓመቱ ሲሞላ የእድሳት ማስታወቂያው ለእሱ ሄደ፤ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ሱቁ በአንድ ሌሊት ጠፋ።

ለመሆኑ ዶሜይን ምንድን ነው? ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ የነደፈው ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት ስሙን ወደ ቁጥር ይመልሳል። ስሙ ለዘለዓለም አይገዛም፤ እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው ይታደሳል። መዝጋቢው ድርጅት የሚያውቀውም የተመዘገበውን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ምዝገባው በባለሱቁ ስም ይሁን፤ እድሳቱ በራሱ እንዲከፈል ይደረግ፤ ስሙ ወደ ሌላ እንዳይዛወርም ይቆለፍ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥበቃ ነው። ገዢው የሚልከው መረጃ መንገድ ላይ እንዳይነበብ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፤ ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ሰርተፍኬት አለ ማለት ግን ነጋዴው ታማኝ ነው ማለት አይደለም፤ መንገዱ ተሸፈነ ማለት ብቻ ነው።

ዋናው በር ኢሜይሉ ነው። እሱን የሰረቀ ሰው የይለፍ ቃል አስቀይሮ ሱቁንም ስሙንም ይወስዳል። ስለሆነም ለኢሜይሉ ለብቻው የሆነ ረጅም የይለፍ ቃልና ሁለተኛ ማረጋገጫ ያሻዋል።

እህቴ የድሮውን ስም አላገኘችውም። አዲስ አስመዝግባ ለደንበኞቿ አንድ በአንድ ደወለች። «ለካ የቤቴን ካርታ ለአናጢው ሰጥቼው ነበር!» አለችኝ።