የተጣጠፈችው ወረቀት ላይ ምን ተጽፏል?

ባለፈው ወር ጅዳ፣ ባላድ አጠገብ ወደምሠራበት የትርጉም ቢሮ አንዲት የወሎ እህት መጣች። ሌላው ሰው የሥራ ውል ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። እሷ ግን የኢቃማ ካርድ የምታክል ተጣጥፋ የተዘጋች ነጭ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። «ወንድሜ፣ ዐረብኛ ታነባለህ አሉኝ፤ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አለችኝ። ለዑምራ መካ በሄደችበት ጊዜ መንገድ ላይ ከሚያዞር ሰው በ1,800 ሪያል የገዛችው «አልማዝ» ውስጡ አለ። የሁለት ወር ደሞዟ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ወረቀቷን ከማንበቤ በፊት ስለ ወረቀቷ ራሷ ትንሽ ላጫውትዎ። እርስዎም አንድ ቀን በወርቅ ሱቅ ውስጥ ያገኟት ይሆናል።

ቀለበት ላይ ያልተሰካ አልማዝ በዓለም ሁሉ የሚቀመጠው በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው። የአንትወርፕ ነጋዴዎች «ብሪፍከ» ይሏታል፤ ትንሽ ደብዳቤ ማለት ነው። አሠራሯ ቀላል ነው። ከውጭ ጠንካራ ነጭ ወረቀት፣ ከውስጥ ስስ ገበር። ድንጋዩ መሐል ላይ ይደረግና ወረቀቱ በቁመቱ ሦስት ቦታ ይታጠፋል፤ ከዚያ የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ይመጣል፣ የላይኛው ወደ ታች ወርዶ ይሸጎጣል። ሙጫም ክርም የለም። እናቶቻችን ብራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አይተዋል አይደል? ሐሳቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው ቋጠሮ ላዩ ላይ ይጻፍበታል። የድንጋዩ ክብደት፣ ብዛት፣ ቀለምና ጥራት ከላይኛው ጫፍ ላይ ይሰፍራል። ነጋዴው መቶ ወረቀት በአንድ ሣጥን አቁሞ እንደ ካርድ እየገለበጠ የሚፈልገውን ያወጣል።

ወረቀት የተመረጠው ስለረከሰ ብቻ አይደለም። አልማዝን የሚጭረው አልማዝ ነው፤ ትልልቆቹ አንድ ላይ ከተቀመጡ እርስ በርስ ይፋጫሉ። ስለዚህ ለያንዳንዱ የራሱ ወረቀት ይሰጠዋል። ደግሞም አልማዝ ቅባት ይወዳል፤ ጣት ከነካው ወዲያው ይደበዝዛል። በወረጦ የሚያነሱት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የውስጡ ገበር ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ቢጫ የሚያደላውን ድንጋይ ነጭ ያስመስለዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ተራ ነጭ ወረቀት ላይ ተደርጎ እንዲያዩት ይጠይቁ። ታማኝ ነጋዴ አይቆጣም።

ወደ ቋንቋው ልመለስና (ሙያዬ ስለሆነ ይፍቀዱልኝ)፣ «ወረቀት» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «አልማዝ»ም እንዲሁ። በየቤቱ አንዲት አልማዝ አለች፤ ስሟ ከዚህ ባሕር ማዶ እንደተሻገረ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። «ካራት» ደግሞ ዐረቦቹ «ቂራጥ» የሚሉት ሲሆን ሁለት የተለያየ ትርጉም አለው። በወርቅ ላይ የጥራት መለኪያ ነው፦ 24 ንጹሕ ነው፣ 21 ከመቶ 87.5፣ 18 ከመቶ 75። በድንጋይ ላይ ግን ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም። ሻጩ «18 ቂራጥ» ሲልዎ የሚናገረው ስለ ወርቁ እንጂ ስለ አልማዙ አይደለም።

ቁጥሮቹም ያሳስታሉ። በዐረቦቹ አጻጻፍ 5 ክብ ናት፣ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። ገና የመጣ ሰው ክቧን ዜሮ ብሎ ያነባታል።

እህታችን ግን ስድስት ዓመት ስለኖረች ቁጥሩን አውቃዋለች። «አምስት ይላል፤ አምስት ካራት ነው አይደል?» አለችኝ። ከክቧ ቀጥሎ ግን ሁለት «ሚም» ተጽፈዋል። ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አልማዝ ግማሽ ካራት ገደማ ነው፤ አምስት ካራቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከቁጥሩ በላይ ደግሞ አንድ ቃል አለ፦ «ዚርኮን»። በገበያው ቋንቋ ይህ በፋብሪካ የሚሠራው፣ አልማዝ የሚመስለው ርካሽ ድንጋይ ነው።

ሰውየው በአፉ ዋሸ፤ በጽሑፍ ግን አልዋሸም።

እውነቱን ለመናገር ወረቀቷ እውነተኛ አልማዝ ብትይዝም ማስረጃ አትሆንም። በእርሳስ የተጻፈ ጽሑፍ ማንም ይጽፈዋል። ማስረጃ የሚሆነው እንደ ጂአይኤ ያለ ቤተ ሙከራ የሰጠው ሰነድ ነው፤ የሰነዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ በሌዘር ይጻፋል፣ በኢንተርኔትም ይመሳከራል። በብዕር መሰል መሣሪያ ነክተው «ይኸው ጮኸ» ቢሉዎ ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀት ብቻ የሚለካው መሣሪያ ሞይሳናይትንም አልማዝ ይላል። ከሱቅ ሲገዙ ደግሞ ፋቱራው ላይ የወርቁ ክብደትና የድንጋዩ ክብደት ለየብቻ ይጻፍልዎ። ሊሸጡት ሲመለሱ ባላድ ያለው ነጋዴ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ወርቁን ነው፤ ለጥቃቅኖቹ ድንጋዮች እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ አይሰጥም። ለአገር ቤት ጥሪት ከሆነ የኔ ምርጫ ድንጋይ የሌለው ወርቅ ነው። ሲሄዱም ሆነ ሲመጡ ዋጋው 60,000 ሪያል የሚደርስ ወርቅና ጌጣጌጥ ጉምሩክ ላይ እንደሚመዘገብም አይርሱ።

ያነበብኩትን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ሻጩን የምታውቀው በቆመበት ቦታ ብቻ ነው፤ ፋቱራ የለም። ከዚያ «በአማርኛ ከሥሩ ጻፍልኝ» አለች። «ዚርኮን፣ 5 ሚሊ ሜትር» ብዬ ጻፍኩላት። ስንት ነው ብትለኝ ለሁለት ቃል አላስከፍልም አልኳት። ወረቀቷን በቀድሞው እጥፋት መልሳ አጠፈችና ከኢቃማዋ ጋር አስቀመጠቻት።