በብስክሌተኛው ላይ የሚጫን ፍርድ፦ ተረትና እውነታ

በአውሮፓ ጎዳናዎች የሚካሄደውን የብስክሌት ውድድር የሚከታተል ሰው፣ አንድ ተወዳዳሪ በወደቀ ጊዜ ወይም በደረቱ ላይ የተጻፈው የስፖንሰር ስም ነቀፌታን ባስነሣ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚኰንነው ብስክሌተኛውን ነው፤ ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር ግን ወቀሳውን የሚሸከመው ሰው በአብዛኛው ከሁሉ ያነሰ ሥልጣን ያለው ሆኖ ይገኛል።

ተረት፦ የወደቀ ሁሉ የሚወድቀው በገዛ ድፍረቱ ነው።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በፖላንድ ዙር፣ በካቶቪሴ ከተማ፣ ዲላን ግሩነቬገን መሥመሩን ለቅቆ ፋቢዮ ያኮብሰንን ወደ ብረቱ አጥር ስለገፋው ዘጠኝ ወር ታገደ፤ ቅጣቱም የተገባ ነበር። ይሁን እንጂ የውድድሩ ፍጻሜ በቁልቁለት ላይ ተዘጋጅቶ ስለነበር ተወዳዳሪዎቹ በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይበሩ ነበር፤ የወደቀውን ሊመክት የቆመው አጥርም ተበታትኖ ያኮብሰን ፊቱ ተሰባበረ፣ ጥርሶቹም ረገፉ። ያንን ቁልቁለት የመረጠም፣ ያንን አጥር የተከለም ከሁለቱ አንዳቸውም አልነበሩም።

ተረት፦ የራስ ቁር ያደረገ ከሞት ዳነ።

እውነታ፦ የባርሴሎናው የኦሊምፒክ ባለድል ፋቢዮ ካዛርቴሊ በ1995 በቱር ደ ፍራንስ፣ በፒሬኔ ተራሮች ቁልቁለት፣ ራሱን ሳይሸፍን ወድቆ ሞተ። የራስ ቁርን ግዴታ የሚያደርገው ድንጋጌ ግን የጸናው የካዛክስታኑ ብስክሌተኛ አንድሬ ኪቪሌቭ ከሞተ በኋላ በ2003 ነው፤ ቀድሞ በ1991 ተሞክሮ፣ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው አድመው አስቀርተውት ነበርና። ድንጋጌው ብዙ ነፍስ እንዳተረፈ አያጠራጥርም። ነገር ግን ቮውተር ቬይላንት በ2011፣ ጂኖ ሜደርም በ2023 የራስ ቁራቸውን እንደደፉ በተራራ ቁልቁለት ላይ ወደቁ፤ ሁለቱም ሞቱ። በ2024 ደግሞ በዙሪክ የዓለም ሻምፒዮና የ18 ዓመቷ ሙሪየል ፉረር በጫካ ውስጥ ወድቃ፣ ማንም ሳያያት ቆይታ፣ በማግሥቱ ዐረፈች። የራስ ቁር ራስን ይጠብቃል፤ ጎዳናውን መጠበቅና የወደቀውን ፈጥኖ መፈለግ ግን የአዘጋጁ ዕዳ ነው።

ተረት፦ የስፖንሰሩን ሥራ የማይወድ ማሊያውን ያውልቅ።

እውነታ፦ የጎዳና ውድድር በር የለውምና የመግቢያ ትኬት አይሸጥበትም፤ የቴሌቪዥኑም ገቢ በአብዛኛው ለአዘጋጁ ይገባል፤ ስለዚህ የቡድን እንጀራ ከሞላ ጎደል ከስፖንሰር የሚመጣ ነው። በ2017 ባሕሬንና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ስማቸውን ለቡድን ሰጡ፤ በ2019 ስካይ የተባለው ቡድን ለኬሚካል ኩባንያው ለኢኒዮስ ሲተላለፍ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች በአደባባይ ተቃወሙ። በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ የመቐለው ጽጋቡ ግርማይም፣ በሚቀጥለው ዓመት የባሕሬንን ማሊያ ለብሷል፤ በአገሩ እንዲህ ያለ ታላቅ ቡድን ያላገኘ ብስክሌተኛ ሙያውን የሚያሳየው በሚቀጥረው ቡድን ማሊያ ነውና። የገንዘቡን ምንጭ መመርመር የኅሊና ግዴታ ነው፤ መልሱን መስጠት ያለባቸው ግን ውሉን የፈረመው የቡድን ባለቤትና ፈቃዱን የሰጠው ዓለም አቀፍ የብስክሌት ኅብረት ናቸው።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ብስክሌተኛ ወድቆ ባየህ ጊዜ ከመፍረድህ በፊት መንገዱን ማን እንደመረጠና አጥሩን ማን እንደተከለ ጠይቅ፤ ማሊያውም ባሳዘነህ ጊዜ ተቃውሞህን ውሉን ለፈረሙት አድርስ።