ድጋፉ ከባለመብቱ እጅ እንዲደርስ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ከጉና ተራራ አካባቢ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ይዘልቃሉ። የአፈር መሸርሸር፣ የእርሻ መሬት ጥበትና የዝናብ መዛባት የአካባቢውን አርሶ አደር በተደጋጋሚ ለምግብ እጥረት ሲያጋልጡት ቆይተዋል። ችግሩ በተለይ የሚበረታው ጉልበት በሌላቸው ወገኖች ላይ ነው። በሬም ሆነ የሚያርስ ልጅ የሌላቸው አረጋውያን ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከምርቱ ከፊሉን ብቻ ስለሚያገኙ የዓመት ቀለባቸው አይሞላም።

እነዚህን ወገኖች መደገፍ ለበጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ይህንኑ ያጠናክራል።

በገጠር ለዚህ ዓላማ የተዘረጋው ዋነኛ መርሐ ግብር የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በ1995 ዓ.ም በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ ፈላጊነት ከተጋለጠ በኋላ፣ በየዓመቱ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ማቅረብ ዘላቂ መፍትሔ እንደማይሆን ታምኖበት ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ቀን ሥራ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ ግራም እህል ይከፈል ነበር።

ፕሮግራሙ ሁለት ዘርፎች አሉት። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት በእርከን፣ በመንገድና በውኃ ማቆር በመሳሰሉ የማኅበረሰብ ሥራዎች ይሰማራሉ። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ደግሞ ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። በ2008 በጀት ዓመት የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ የእነዚህን ቋሚ ተጠቃሚዎች ድጋፍ ከስድስት ወር ወደ 12 ወር አሳድጎታል። ነፍሰ ጡር እናቶችም ልጃቸው አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው እንዲደገፉ ተወስኗል።

ይሁንና በሰነድ የሰፈረ መብት በቀበሌ ደረጃ ሦስት ፈተናዎችን ማለፍ ይጠበቅበታል።

የመጀመሪያው የተጠቃሚዎች ልየታ ነው። ልየታውን የሚያከናውነው የማኅበረሰቡ ተወካዮች የሚገኙበት ኮሚቴ ሲሆን፣ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ዝርዝሩን ያጣራል። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ቀርቦ መተቸትም ይኖርበታል። ሆኖም ከቤት የማይወጣ አካል ጉዳተኛ ወይም ከመንደር ርቃ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት በስብሰባው ላይ አይገኙም። ስማቸውን የሚያነሳላቸው ካልተገኘ ከዝርዝሩ ውጪ ይቀራሉ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ከመራጩ አካል ተለይቶ እንዲቋቋም የተደረገውም መራጩ ራሱ ዳኛ እንዳይሆን ነው።

ሁለተኛው የርቀትና የጊዜ ጉዳይ ነው። የፕሮግራሙ መመሪያ አንድ ተጠቃሚ ክፍያ ለመቀበል ከሦስት ሰዓት በላይ በእግር እንዳይጓዝ፣ ክፍያውም ወሩ ካለቀ በኋላ ከ45 ቀናት እንዳይዘገይ ያሳስባል። ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች ለሚኖር አቅመ ደካማ ግን ወደ ወገዳ ወይም ወደ አርብ ገበያ መውጣት ቀላል አይደለም። በውክልና የሚቀበልለት ሰው ማግኘት ይኖርበታል፤ ወኪሉም ሙሉውን ማስረከቡን የሚከታተል አካል ያስፈልጋል። ክፍያው ሲዘገይ ደግሞ ተጠቃሚው እህል ይበደራል ወይም ያለችውን አንዲት በግ ይሸጣል። በዚህን ጊዜ ዘግይቶ የመጣው ገንዘብ ለዕዳ ይውላል እንጂ ቀለብ አይሆንም።

ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቶች ቅንጅት ነው። የማኅበረሰብ ሥራዎች በግብርናው ዘርፍ ይመራሉ፤ የቋሚ ቀጥተኛ ድጋፍ ጉዳይ ግን በአራተኛው ምዕራፍ ወደ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ተሸጋግሯል። የእናቶች ጉዳይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማረጋገጫ ይፈልጋል። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጋርም መተሳሰር ይኖርበታል። ከእነዚህ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ የዚሁ ዞን ፎገራ ነበረች። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ቢኖርም፣ የአንዱ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ለሌላው ካልደረሰ ያው ሰው እህሉን አግኝቶ ሕክምናውን ያጣል።

የፀጥታ ሁኔታም ችግሩን ያከብደዋል። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ በዘለቀበት ወቅት የአካባቢው ነዋሪዎች ለጉዳት ተዳርገዋል፤ የመንግሥት አገልግሎቶችም ተስተጓጉለዋል። መንገድ ሲዘጋና ጽሕፈት ቤት ሲቆም አስቀድሞ የሚጎዳው ሌላ ገቢ የሌለው የቀጥተኛ ድጋፍ ተጠቃሚ ነው።

ለእነዚህ ፈተናዎች ሁሉ መፍትሔው ተጨማሪ በጀት ብቻ አይደለም። ዝርዝሩን በሚታይ ቦታ መለጠፍ፣ ከቤት የማይወጡትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መመዝገብ፣ የክፍያ ቀንን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ቅሬታን በጽሑፍ ተቀብሎ ምላሽ መስጠትና የግብርናውን፣ የማኅበራዊ ጉዳይንና የጤናውን መዝገብ በየጊዜው ማመሳከር በወረዳና በቀበሌ ባለሙያዎች አቅም ሊፈጸሙ የሚችሉ ተግባራት ናቸው። ለአቅመ ደካማው አርሶ አደር ሕጉም ሆነ ፖሊሲው የሚለካው ቀበሌው በሚሰጠው አገልግሎት ነው።