«ስንት ሲሲ ናት?» ሽማግሌዎች የገፏት መኪና

የዛሬው ባለታሪካችን የጫኖ ልጅ ነው። ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ወጥታችሁ የሶዶውን አስፋልት ስትይዙ፣ ግራና ቀኙን የሙዝ ማሳ ሲውጠው ጫኖ ገባችሁ ማለት ነው። ልጁ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከገበሬው ሙዝ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ለሚጭኑ አይሱዙዎች ያስረክባል። እጮኛው አርባ ምንጭ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ወላጆቿ ደግሞ ጨንቻ ናቸው። ስማቸው እንዳይጠራ አደራ ብለውናልና አንጠራም።

ልጁ ለአምስት ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። «መኪና እገዛለሁ» ይላል። እሷ ደግሞ «ሁለት ክፍል ቤት እንሥራ» ትለዋለች። ሲነጋገሩ፣ ሲኳረፉ፣ ሲታረቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ትንሽ መኪና ይገዛና የተረፈው ለቤት ይሆናል። ትንሽ ሲባል ቪትዝ፣ 1000 ሲሲ። እስከዚህ ሰላም ነበር። ጉዱ የመጣው በሽምግልናው ቀን ነው።

ያን ዕለት ልጁ የጓደኛውን ቪትዝ ተዋሰ። «በዚያው ልሞክራት» ብሎ። ሦስት ሽማግሌዎችና አጎቱ ተሳፈሩ፤ ከኋላ ለወላጆቿ የሚሆን ሙዝና ማንጎ ተጫነ። ከሶዶው መንገድ ታጥፈው የዶርዜን ዳገት ተያያዙት። ታች ሙቀቱ አያስቀምጥም ነበርና ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ልጁም ነዳጁን ረግጦ ይዞታል። አራት አምስት ጥምዝ እንዳለፉ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ፤ መኪናዋ ቀጥ!

ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ገፏትና ከመንገድ አወጧት። አንደኛው ላባቸውን እየጠረጉ «ልጄ፣ የወጣነው ሴት ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይስ መኪና ልናስታምም?» አሉት። ልጁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ውሃ ጨምረው፣ ሦስት ሰዓት አርፍደው ጨንቻ ደረሱ። የልጅቷ አባት ከሰላምታ ቀጥለው የጠየቁት ስለ ልጁ ወገን አይደለም፤ ስለ ሥራውም አይደለም። ደጅ የቆመችውን መኪና አየት አደረጉና «ስንት ሲሲ ናት?» አሉ። ለሽማግሌዎቹም ሌላ ቀጠሮ ሰጧቸው። (ይህ እንኳ የተለመደ ነው፤ ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። ባለታሪካችን ግን በመኪናዋ ምክንያት ነው ብሎ አመነ።)

ማታውኑ ደወለላት። «ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ የምገዛው 2500 ፒክአፕ ነው። የጎደለውን እበደራለሁ።» ቤቱስ? ቤቱ ይቆያል! እሷም «የምታገባው እኔን ነው ወይስ ዳገቱን?» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ሲሲ ማዕረግ ነው እንዴ?

እስቲ እነሱን እንደተኳረፉ እንተዋቸውና ስለ ሲሲ እናውራ። (ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ በታክሲ ነው የሚሄደው፤ አትሳቁበት።) ብዙዎቻችን ሲሲን እንደ ማዕረግ ነው የምንቆጥረው። ባለ 2500ው ኮሎኔል፣ ባለ 1000ዋ ተራ ወታደር! ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሲሲ ማለት በሲሊንደሮቹ ውስጥ ፒስተኖቹ ወጣ ገባ የሚሉበት ቦታ ሲደመር የሚሰጠው ስፋት ነው። 1000 ሲሲ አንድ ሊትር ነው፤ 2500 ደግሞ ሁለት ሊትር ተኩል። ቦታው በሰፋ ቁጥር የሚገባው አየርና ነዳጅ ይበዛል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ችግሩ ትልቅ ሞተር ሥራ ሳይኖረውም መጠጣቱን አለመተዉ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም እንኳ ከትንሹ የበለጠ ይወስዳል።

በአገራችን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከፍታ። ጫኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ጨንቻ 2,700 ይደርሳል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። እንግዲህ ባሕር ዳርቻ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የነበራት ቪትዝ ጨንቻ ስትደርስ የቀራት ከ50 ብዙም አይበልጥም። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ግን አየሩን እየገፋ ስለሚያስገባ ይህን ያህል አይደክምም። ፒክአፕ ዳገት ላይ የምትፎክረው በሲሲዋ ብቻ ሳይሆን በቱርቦዋም ጭምር ነው።

አሁን ልብ በሉ። ዳገት የሚያስከፍላችሁ በክብደት ነው። አምስት ሰውና ዕቃ የጫነች ቪትዝ ወደ አንድ ቶን ተኩል ትጠጋለች። ይህን ክብደት ከጫኖ እስከ ጨንቻ 1,500 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ ለመንገዱ ርዝመት ከሚያስፈልገው ሌላ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ቤንዚን ይነድዳል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ስለያዝኩ ዳገቱን በነጻ እወጣለሁ ማለት የለም፤ ሲሲው ቢያንስም ቢበዛም ተራራው ሒሳቡን ይቀበላል። ፒክአፕ ደግሞ ባዶዋን ሁለት ቶን ገደማ ናት። ጭነት ሳይኖራችሁ እሷን ማመላለስ የብረት ኮተት ይዞ ተራራ መውጣት ነው።

የአስተማሪዋ ደብተር

ልጅቷ ለሦስት ቀን ስልክ አላነሳችም። በአራተኛው ቀን ደብተር ይዛ መጣች። አስተማሪ አይደለች! «በወር የት የት ትሄዳለህ? አንድ በአንድ ንገረኝ» አለችው። ከጫኖ ቤቱ አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን፤ ይህ 780 ሆነ። ማሳ ለማሳ መዞሩ፣ ሲቀላና ሴቻ ማታ ማታ የሚባክነው ተደምሮ 340። ጨንቻ በወር አንዴ፣ እሷን ከአርባ ምንጭ ይዞ ደርሶ መልስ፣ 80። ድምሩ 1,200 ኪሎ ሜትር።

ልጁ ዝም አለ። ሕይወቱን በሙሉ ዳገት ላይ የሚያሳልፍ መስሎት ነበርና! ከአሥራ አምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው ዳገት፤ የቀረው ሜዳ አስፋልትና የከተማ መንገድ ነው። ሙዙን እንደሆነ አይሱዙው ነው የሚጭነው፤ እሱ የሚጭነው ራሱን ነው።

ከዚያ እነዚህኑ መኪኖች የሚነዱ ጓደኞቹን ጠያየቁ። 1000ዋ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር፣ 1300ዋ 13፣ ፒክአፗ 10 ትሄዳለች አሏቸው። ለሒሳብ እንዲቀል ቤንዚኑንም ናፍጣውንም በሊትር 100 ብር ያዙት። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የቤንዚን ዋጋ ከ50 ብር በታች ነበር፤ ድጎማው እየተነሳ ሲሄድ በ2017 ዓ.ም. 100ን አለፈ። እናንተ ዛሬ ማደያው የሚጠይቃችሁን ተክታችሁ አስሉት። ማደያ ሲጠፋ በየጥጋጥጉ በሃይላንድ ከሚሸጠው ከገዛችሁማ ሒሳቡን ተዉት፤ ዋጋው ሌላ፣ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት ደግሞ የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪ ነው።

ደብተሩ ላይ የወጣው ይህ ነው። በ1000ዋ ወር ሙሉ 80 ሊትር፣ 8,000 ብር። በ1300ዋ 92 ሊትር ገደማ፣ 9,200 ብር። በፒክአፗ 120 ሊትር፣ 12,000 ብር። በትንሿና በትልቋ መካከል በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር። ይህ እንግዲህ የመግዣውን ልዩነት፣ ብድሩን፣ ጎማውንና መለዋወጫውን ሳይጨምር ነው። «አየህ፣ በየዓመቱ የቤታችንን ቆርቆሮ ታቃጥለዋለህ» አለችው።

ልጁ ግን በቀላሉ አልተረታም። «ሒሳብሽ ጥሩ ነው። ግን ሽማግሌዎቹ ገፍተዋታል እኮ!» አላት። እሱም እውነቱን ነው፤ ደብተር ዳገት ላይ ወርዶ አይገፋም።

መልሱ የመጣው ከጋራዥ ነው። የመኪናዋ ባለቤት ራዲያተሩን ቢያስፈታ ውስጡ በዝገት ተደፍኗል። ለዓመታት የሚጨመርበት የቧንቧ ውሃ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ፋኑም ደክሟል። መካኒኩ ሳቀ። «በዚህ ራዲያተር እንኳን 1000፣ 3000ም ጨንቻ አይወጣም። ቴስታታው አለመጣመሙ ዕድላችሁ ነው» አላቸው። ጥፋቱን ሁሉ የተሸከመችው ሲሲዋ ነበረች፤ የታመመው ግን ራዲያተሩ ነው። የሰው መኪና አንድ ቀን ነድታችሁ «ይቺ አትችልም» ከማለታችሁ በፊት መካኒክ ያያት።

መካኒኩ ለዳገት የመከረውንም እንንገራችሁ። ትንሽ ሞተር ይዛችሁ ስትወጡ ኤሲውን አጥፉ፤ ከሞተሩ ጉልበት ይሰርቃልና። ዝቅተኛ ማርሽ ያዙ፤ አውቶማቲክም ቢሆን «ዲ» ላይ አትተዉት። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ከፍ ካለ ቀዩን ሳትጠብቁ ቁሙ። ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትን መቀቀል ነው፤ እንዳትሞክሩት። ስትወርዱም በዚያው ዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬኑም አይግልም፣ እግራችሁን ከነዳጅ ካነሳችሁ አዲሶቹ ሞተሮች ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል።

የመኪናችሁን ፍጆታ ደግሞ የሻጭ ወሬ ሰምታችሁ አትመኑ። ታንኩን ሙሉ አስሞሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፤ ሦስት አራት መቶ ነድታችሁ መልሳችሁ ሙሉ አስሞሉ፤ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ በገባው ሊትር አካፍሉት። ሻጩ «20 ትሄዳለች» ያላችሁ መኪና 11 ስትሄድ ያን ጊዜ ታገኟታላችሁ።

ገበያው ላይ ከ1300 ሲሲ ያልበለጡ መኪኖች የበዙትም እንዲያው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 የኤክሳይዝ ታክሱ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር። ታዲያ ነጋዴው ከመስመሩ በታች ያለውን ቢያግዝ ይፈረድበታል? በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ለአዲስ ትንሽ መኪና ታክሱ ወደ 5 በመቶ ወርዶ አሮጌው ላይ ከበደ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ካልፈለጋችሁ የምትመርጡት ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው። እዚያ ላይ በብዛት የገባው ትንሹ ሞተር መለዋወጫ ለማግኘት ይቀላል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለጫኖና ለአርባ ምንጭ ብቻ 1000ዋ ትበቃለች። የጨንቻ አማች ላለው ሰው ግን በወር 1,200 ብር ጨምሮ 1300 መያዝ ስስትን ማሸነፍ ነው። 2500 ጭነት ለሚጭን ይሁን። አስተማሪዋም እንዲሁ ነው ያለችው፤ ልጁ ግን «1300ን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላል።

ለሁለተኛው ቀጠሮ የሄዱት በዚያችው በተዋሷት ቪትዝ ነው፤ ራዲያተሯ ተቀይሮ። አጎቱ ቀርተዋል፣ ኤሲው ጠፍቷል፣ በጠዋት ሳይሞቅ ተነስተዋል። ሽማግሌዎቹ መንገዱን ሙሉ ሲያዩ የነበረው ተራራውን ሳይሆን የሙቀት መለኪያውን ነበር አሉ። ከመሐል ንቅንቅ ሳይል ደረሱ።

አባትየው ደጅ ቆመው ጠበቋቸው። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ይቺ ደግሞ ስንት ሲሲ ናት?»

«ያቺው ናት፣ አባባ» አለ ልጁ።

ሰውየው ሳቁና ሽማግሌዎቹን ወደ ቤት አስገቧቸው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፤ ባለታሪካችን እስከዚያ ደህና ራዲያተር ያላት 1300 እያፈላለገ ነው።