ማዕቀቡ የወረደው በማን ማዕድ ላይ ነው?

በካፒታሊስቱ ዓለም ሸንጎዎች «ዴሞክራሲን ለመደገፍ» በሚል ስም የሚረቀቁ የማዕቀብ ሕጎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበቡ ለጭቁኑ ሕዝብ የቆሙ ይመስላሉ። የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ፣ ጋዜጦች በነጻነት ይጻፉ፣ ሕዝብ ያስጨፈጨፉ ባለሥልጣኖች ቪዛ ይነፈጉ ይላሉ። ወዛደሩ ከነዚህ ጥያቄዎች ጋር ጠብ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ የሕጉ ዱላ ከተሰነዘረ በኋላ የሚያርፈው በማን ጀርባ ላይ ነው?

ጥያቄውን ለወላይታ ሶዶ የቀበሌ ነዋሪና ሠራተኛ ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። የወላይታ መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ እንደመሆኑ መጠን እንሰቱ ያሳደገውን ልጅ ሁሉ ማሳው መልሶ አይቀበለውም። በዚህም ምክንያት የወላይታ ወጣት ጉልበቱን ይዞ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሸንኮራ እርሻዎችና ወደ አዲስ አበባ ሲሰደድ ትውልዶች አልፈዋል። በ2008 ዓ.ም. የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ለወጣት ሴቶች ሌላ በር ተከፈተ። ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ የመለመሉት ከከተማይቱ ብቻ ሳይሆን ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአጎራባች ገጠሮች ጭምር ነበር። ፓርኩ በደህና ዘመኑ ወደ 35,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ያሰማራ ሲሆን ከነዚህ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ የባለሀብቱ ጠበቃ እንዳንመስል አንድ ነገር እንበል። በ2011 ዓ.ም. ለጀማሪ ሠራተኛ ይከፈል የነበረው የወር ደመወዝ 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ሴቶቹ የቤት ኪራይ ለመቻል በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደራርበው ያድሩ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ እንጂ ዝቅተኛውን ደመወዝ ራሱ አልወሰነም። ይህ ብዝበዛ ነው፤ ሌላ ስም አንሰጠውም። ነገር ግን ከብዝበዛ ወደ ሥራ አጥነት መወርወር ነጻ መውጣት አይደለም።

ፓርኩን ያቆመው በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ የከፈተው ቀረጥ አልባ ገበያ ነበር። ይኸው ሕግ ተጠቃሚ አገሮች ሰብአዊ መብትን እንዲያከብሩ በቅድመ ሁኔታነት ያስቀምጣል፤ ቅድመ ሁኔታው መሟላቱን የሚወስነው ግን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት የንጹሐን ደም መፍሰሱ የማይካድ ሐቅ ነው። ዋሽንግተንም ይህንኑ ምክንያት አድርጋ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከማሊና ከጊኒ ጋር ከተጠቃሚነት ሰረዘች። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር በተባሉት የልብስ ምልክቶች የሚታወቀው ፒ.ቪ.ኤች. ዕለቱ እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቅ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሀዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ከዚሁ ጎን ለጎን መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት የማዕቀብ ትእዛዝ ነበር። በዚህ ትእዛዝ መሠረት በኅዳር ወር በወጣው ዝርዝር ውስጥ የኤርትራ ሠራዊት፣ የአገሪቱ ገዥ ፓርቲና የንግድ ተቋሞቹ ስም ሰፍሯል። የልብስ ሰፊዋ ስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ዝርዝር ውስጥ ሳትገባ ግን ደመወዟን አጣች።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግረስ የገለልተኝነት ሕግ አወጣ። ፋሽስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜም ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ በዚሁ ሕግ ተከለከለ። እኩልነት ማለት ይህ ከሆነ፣ መድፍና አውሮፕላን በራሷ ፋብሪካ የምትሠራው ኢጣልያ ምን ጎደለባት? የመንግሥታት ማኅበርም በኅዳር 1928 ዓ.ም. በወራሪዋ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ የሱዌዝም ቦይ አልተዘጋባትም። በሐምሌ ወር ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ።

ይህን ስንል ማዕቀብ ሁሉ የኢምፔሪያሊዝም ሴራ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጥቅል ፍርድ ለመፈክር እንጂ ለትንተና አይበጅም። በመስከረም 1979 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሬገን የጣሉበትን እምቢታ ሽሮ በአፓርታይድ ሥርዓት ላይ የማዕቀብ ሕግ አጸደቀ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በ1954 ዓ.ም. በአገራችን ወታደራዊ ሥልጠና ያገኙት የኔልሰን ማንዴላ መፈታት ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ማዕቀቡን የጠየቁት የነጻነት ትግሉ ድርጅትና የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ወዛደር ማኅበራት ራሳቸው ነበሩ። ዋጋውን የሚከፍሉት አስቀድመው «እንከፍላለን» ብለዋል።

የእኛስ? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰዎች መገደላቸውን ባረጋገጠበት፣ የተቃዋሚ መሪዎችም በታሰሩበት ወቅት የተረቀቀው ኤች. አር. 2003 በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ብርቱ ድጋፍ መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. የእንደራሴዎችን ምክር ቤት አለፈ። እስረኞቹ ግን በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ተፈትተው ነበር። ረቂቁ በጸጥታ እርዳታ ላይ ገደብ ሲጥል የሰላም ማስከበሩንና የፀረ ሽብሩን እርዳታ ለይቶ አስቀርቷል፤ ያን ጊዜ ሠራዊታችን ሶማሊያ ውስጥ እንደነበረ ለሚያስታውስ አንባቢ ምክንያቱን ማብራራት አያሻም። በሴኔቱ በኩል አላለፈም።

በየካቲት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ያለፈው ኤች. አር. 6600 በበኩሉ የኮንግረሱ ዘመን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲያበቃ አብሮ ወደቀ። ጦርነቱ የቆመው በአፍሪካ ኅብረት መሪነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ነው። ከዚያም በኋላ በ2015ም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የቀረጥ አልባው ገበያ በር ለኢትዮጵያ አልተከፈተም።

ከሀዋሳ ሥራ ፈትተው የተመለሱ ሴቶችን ስም፣ የሥራ ዘመንና የሠለጠኑበትን ሙያ መመዝገብ ከየቀበሌው የሚጠበቅ ተግባር ነው። የደመወዝ ቦርዱ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር መዝገቡ ሊቀርብ፣ ሴቶቹም ራሳቸው ሊናገሩ ይገባል።